«ምን አገባሽ?»

ይሰማል? ማይኩ ይሰማል ወይ? ከኋላ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። እሺ፣ አባይነሽ ሁለቱንም እጇን አወጣች። የበራችን ፈታሽ ናት፤ ሰው እጁን እንዲያነሳ ስታዝ ኖራ ዛሬ ተራው ደረሳት።

የተከበሩ የፍርድ ቤታችን ፕሬዚዳንት ወይዘሮ ሰብሌ፣ የተከበራችሁ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግ፣ ጠበቆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የዛሬው ተሸኚያችን ባለቤት ወይዘሮ እልፍነሽ፣ እንዲሁም እዚያ አበባ ያሰርንበት ወንበር ላይ እንደ ሙሽራ አስቀምጠናቸው መሬት መሬት የሚያዩት ዳኛችን ጋሼ ዕንባቆም፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ እኔ ትርሲት እባላለሁ፤ የዚህ የሆሳዕና ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነኝ። በመስኮት በኩል ከአንገቷ በላይ ብቻ የምትታየው ሴትዮ ማለት ነው። ዛሬ እግርም እንዳለኝ እያያችሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ዕንባቆም ቢሮ ገባሁና «ጋሼ፣ ዓርብ ሽኝት አለዎት። ንግግሩን የማደርገው እኔ ነኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። እንደሚታወቀው እሳቸው ሰውን ደህና አድርገው ማየት ሲፈልጉ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ያነሳሉ። ትክ ብለው አዩኝና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«የእኔ ጡረታ አንቺን ምን አገባሽ?»

አያችሁ፣ እዚህ የምንሠራው ሁላችንም ሳቅን፤ እንግዶቹ ደነገጡ። አይዟችሁ፣ ስድብ አይደለም። ሌላ ቦታ «ምን አገባህ» ከተባልክ ወደ ጠብ ልትሄድ ነው። እኛ ፍርድ ቤት ግን ከተባልክ መዝገብህ ሊከፈት ነው። እኔም ያን ዕለት ዝም ብዬ ወጣሁ። መልስ አጥቼ አይደለም፤ መልሴ ረጅም ስለሆነ ነው። ዛሬ ማይክ በእጄ ነው። ጋሼ ዕንባቆም፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ «አጭር አድርጊው» የሚሉበት መዶሻ የለዎትም፤ እንግዲህ ቻል ያድርጉት።

መጀመሪያ የመጡበትን ቀን ላንሳ። ከሞርሲቶ ተዛውረው መምጣታቸው ነው። ፍርድ ቤታችን ያኔ አሮጌው ቤት ውስጥ ነበር፤ ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው። እኛ አዲስ ዳኛ ይመጣል ተብለን በሩ ላይ መኪና ስንጠብቅ እሳቸው ከሌሞ በኩል በጋሪ መጡ። ቦት ጫማ አድርገዋል፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው እጃቸው ፌስታል። አባይነሽ አስቆመቻቸው።

«አባቴ፣ እጅዎን ወደ ላይ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ቡላ ነው።»

«ለማን?»

«ለራሴ።»

«ቡላ ይዞ ችሎት መግባት አይቻልም። እዚህ ያስቀምጡና መስመሩን ይያዙ።»

ያዙ! አንዲት የቀለብ ባለጉዳይና አንድ የድንበር ባለጉዳይ መሃል ገብተው ቆሙ። ረፋዱን በሙሉ! ዝም ብለው ቢቆሙ ጥሩ፤ ከፊት ያለውን «አንተን ምን አገባህ?»፣ ከኋላ ያለችውን «አንቺንስ ምን አገባሽ?» ሲሉ ቆይተው፣ መስኮቴ ጋ ሲደርሱ ግማሹን የእኛን መዝገብ በቃላቸው ያውቁታል። እኔ ቀና ሳልል፣

«ስም?»

«ዕንባቆም ሎዳሞ።»

«አመልካች ነዎት ተጠሪ?»

«እንጃ። የያዝኩት ደብዳቤ ዳኛ ይላል።»

ቀና አልኩ። አባይነሽም ከበሩ ቀና አለች። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አልናገርም፤ አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ አባይነሽ፣ ያ ቡላ የት ደረሰ? ... ፊትሽን አትሸፍኚ! በኋላ ጋሼን «ለምን ዳኛ ነኝ ብለው አልተናገሩም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የሰልፉ ጨዋታ ደስ አለኝ» አሉኝ። ሌላ ምክንያት የላቸውም።

ስለ ካባቸው ሳልናገር ካለፍኩ ደግሞ ሲጠግነው የኖረው ልብስ ሰፊያችን ይቀየመኛል። የጋሼ ዕንባቆም ጥቁር ካባ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ቀዳዳ አለው፤ አሮጌውም አዲሱም። ለምን? የሚይዙት ጉዳይ የልጆች ነው፤ አንድ ጊዜ አንዲት ትንሽ ልጅ ካባውን አይታ ጠረጴዛ ሥር ገባችና አልወጣም አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅ ወደ ቢሯቸው ከገባ ካባውን አውልቀው የመስኮቱ መንጠቆ ላይ ይሰኩታል፤ ልጁን በአጭሩ መቀመጫ፣ በዱካ ላይ ያስቀምጡና እሳቸውም ሌላ ዱካ ላይ ቁጭ ይላሉ። እግራቸው ረጅም ስለሆነ ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ ይደርሳል። ልጆቹ ሲስቁ ጉዳዩ ይጀመራል። ስንቱን የፈራ ልጅ ያናገረው ያ ጉልበት ነው።

የአጥሩንስ ነገር ማን ይረሳል? የግቢያችን የጓሮ አጥር ቀዳዳ አለው። ከዚያ ቀዳዳ ማዶ፣ ትንሽ ወረድ ሲሉ፣ የወይዘሮ እልፍነሽ ቤት ነው። በዋናው በር ከወጡ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ምሳ ይቀዘቅዛል። አተካና ደግሞ፣ ያ በቅቤና በወተት የሚሠራው የቡላ ምግባችን፣ ከቀዘቀዘ አተካና አይባልም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዳኛ፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው በአጥር ይሾልካሉ። ንብረት ክፍል በሽቦ ይደፍነዋል፣ በማግስቱ ይከፈታል፤ በቆርቆሮ ይደፍነዋል፣ ይከፈታል። ማን እንደሚከፍተው ምርመራ ተጀምሮ ነበር። ምርመራው የደረሰበትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የመርማሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ዕንባቆም ነበሩ።

ወደ «ምን አገባህ» ልመለስ።

ጠበቃ ፍሬው፣ እዚያ ሚሪንዳህን ይዘህ የምትደበቀው፣ ተነስተህ ሰላም በል። ፍሬው አዲስ ጠበቃ ሆኖ ሲመጣ አዲስ ሱፍ፣ አዲስ ቦርሳ ነበረው። አንድ የልጅ ጉዳይ ይዞ ጋሼ ፊት ቆመ። «ክቡር ፍርድ ቤት...» ከማለቱ፣ ጋሼ «የቆምክለት ሰው ምን አገባው?» አሉት። ፍሬው ደሙ ፈላ። ምሳ ሰዓት ላይ ፕሬዚዳንቷ ቢሮ ሄዶ «ዳኛው ደንበኛዬን ዘለፉብኝ» ብሎ አቤት አለ። ወይዘሮ ሰብሌም በትዕግሥት «አልዘለፉትም፤ ለማመልከት መብት አለው ወይስ የለውም ብለው ነው የጠየቁት» አሉት። «ታዲያ በሕግ ቋንቋ አይጠይቁም?» «የጋሼ ዕንባቆም የሕግ ቋንቋ ይሄ ነው» አሉት።

እኛንም ያስተማሩን እንደዚሁ ነው። መስኮቱ ላይ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ጠርተው ያስቀምጡትና፣ «ስለ ልጅ ትእዛዝ ይሰጠኝ ብሎ ፍርድ ቤት መምጣት የሚችለው ማን ነው?» ይሉታል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የተማረውን ይዘረዝራል። «አባት፣ እናት።» «ሌላ?» «ሞግዚት።» «ሌላ?» «ዘመድ... አያት፣ አጎት፣ አክስት።» «ሌላ?» «ዐቃቤ ሕግ።» «ሌላ?» እዚህ ጋ ብዙው ሰው ላብ ይጀምረዋል። «ልጁ ራሱ» ያለ ጎበዝ ነው። «ሌላስ?»

«ያገባኛል የሚል ሰው» ይላሉ ጋሼ። «ይህንን እንዳትረሳ። ከሁሉም ትንሿ በር እሷ ናት፤ ግን የጨነቀው ሰው የሚመጣው በእሷ ነው። ስለዚህ አታባርር። ጠይቅ።»

ያገባኛል ያለ ሁሉ ይገባል ማለት እንዳልሆነ ደግሞ እመሰክራለሁ። አንድ ሰውዬ መጣ፤ የጎረቤቶቹ ልጆች ለአያታቸው ይሰጡልኝ ይላል። አያትየው ያሉት ሌላ ቀበሌ ነው።

«አንተን ምን አገባህ?»

«ጌታዬ፣ ለልጆቹ አዝኜ ነው።»

«ምን ሆነው አዘንክ?»

«ጠዋት ማታ ኳስ ነው። ኳሳቸው ቆርቆሮዬ ላይ ሲነጥር እንቅልፍ የለኝም።»

ጋሼ መነጽራቸውን ሰቀሉ። «እንግዲያውስ አንተን ያገባህ ኳሱ ነው። የኳስ ችሎት የለንም።» ሰውየው ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ መጥቶ «ይግባኝ ለማን ነው የሚባለው?» ብሎኛል።

አሁን ሳቁን ትንሽ እናቆየውና ስለ ሊሻን ልንገራችሁ። አሮጌዎቹ ታውቋታላችሁ። አዲሶቹ ግን ጋሼ ማን እንደሆኑ እንድታውቁ መስማት አለባችሁ።

ሊሻን የሌሞ ሴት ናት፤ እንሰትና ጎመን የምታለማ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ገበሬ። ጎረቤቶቿ ማራኪ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። የልጅቷ አባት እንደ ብዙ የእኛ አገር ልጆች ደቡብ አፍሪካ ሄዶ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞተ። እናትየውም ታማ ተከተለችው። ከዚያ ልጅቷን ያጎረሳት፣ ያለበሳት፣ ትምህርት ቤት ያደረሳት ጎረቤቷ ሊሻን ናት። ቆይቶ የአባቷ ወንድም ሞግዚት ሆኖ ተሾመ፤ ልጅቷንም ከተማ ወዳለው ሱቁ ወሰዳት። ትምህርት ቀረ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሱቁን የምትጠርገው እሷ፣ ዕቃ የምትሸከመው እሷ፣ የአጎቷን ሕፃን የምታዝለው እሷ። ሊሻን ለገበያ መጥታ በዓይኗ አየቻት። በማግስቱ መስኮቴ ላይ ቆመች። ሞግዚቱ ይነሳልኝ፣ ልጅቷ ወደ እኔ ትመለስልኝ አለች።

ሁለቱም ወገን ቀረቡ። የአጎትየው ጠበቃ ማን ነበር? ፍሬው፣ ዛሬ ይቅርታ አድርግልኝ፤ አንተ ነበርክ። ገና አፉን ሲከፍት መቃወሚያ አነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አመልካቿ ለሕፃኗ እናት አይደሉም፣ አክስት አይደሉም፣ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ባዕድ ናቸው። ጉዳዩ ምንም አያገባቸውም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው።»

ጋሼም «ከተረትክ እኔም ልተርት፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት። አሁን ተረቱን ትተን ሴትየዋን እንስማት» አሉ።

አስተርጓሚያችን ወደ ሞርሲቶ ለቅሶ ሄዶ ገና መንገድ ላይ ነበር። ሊሻን ደግሞ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው። እስኪመጣ ትንሽ እንሞክር ብለው ጋሼ ወደ እሷ ዞረው ቀስ አድርገው ጠየቋት።

«ሊሻን፣ ምን አገባሽ?»

ሊሻን ነጠላዋን አጠበቀች። ፊቷ ቀላ። «ማንም አላገባኝም፣ ጌታዬ» አለች። «ባሌ ከሞተ ቆየ። ከዚያ በኋላ ማንም አላገባኝም።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎትየው ጭኑን እየመታ ሳቀ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ፖሊስ ሳይቀር ሳቀ። እሷ ምን እንዳጠፋች አላወቀችም፤ እየዞረች ታየናለች። ያልሳቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ጋሼ ዕንባቆም ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መቱ። «ሴትየዋ የተጠየቀችውን መልሳለች። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። አስተርጓሚው እስኪመጣ እንጠብቃለን።»

የሊሻን ሀዲይኛ ጋሼም አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ መሆኑን ታውቃላችሁ። ራሳቸው ሊጠይቋት ይችሉ ነበር። ግን ዳኛ ከአንዱ ወገን ጋር ሌላው በማይሰማው ቋንቋ ማውራት የለበትም ይላሉ። ጠበቅን። አስተርጓሚው በባጃጅ ደረሰ፤ የአንጋጫ ልጅ ነው፣ ከምባትኛውንም ሀዲይኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚያቀላጥፍ። ጋሼ «ምን አገባሽ በላት» አሉት። ልጁ ግን «ክቡር ዳኛ፣ ይሄ ቀጥታ ከተተረጎመ አሁንም ጋብቻ ነው የሚሆነው» አለ።

ጋሼ አሰቡ። ከዚያ «እንዲህ በላት» አሉ፤ «የዚህች ልጅ ነገር አንቺን የት ጋ ነው የሚቆረቁርሽ?»

ሊሻን ይሄኛው ገባት። ስትናገር አንገቷን ደፍታ ነበር፤ አስተርጓሚው እየተከተለ እንዲህ ሲል ተረጎመው፤

«በእኔና በእነሱ ጓሮ መሃል አጥር አለ። እናቷ ከሞተች በኋላ ልጅቷ አጥሩን ቀዳ በቀዳዳው ነበር ወደ እኔ የምትመጣው። ስትርባት በዚያ ትመጣለች፣ ስትፈራ በዚያ ትመጣለች። አጎቷ ከወሰዳት ወዲህ በዚያ ቀዳዳ ፍየል እየገባ ጎመኔን ጨረሰው። ሰው ሁሉ ድፈኚው ይለኛል። አልደፈንኩትም። ጠፍታ ብትመጣና ተደፍኖ ብታገኘውስ?»

ቅድም የሳቀ ሰው ሁሉ አሁን መሬት መሬት ያያል። ቃሉን የምጽፈው እኔ መጻፍ አቁሜ ነበር። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «ጻፊ እንጂ» አሉኝ። ጻፍኩ። «ፍየሉንም ጽፈሻል?» «አልጻፍኩም።» «ፍየሉንም ጻፊ።»

ከዚያ አጎትየውን አስነሱት። «አንተንስ ምን አገባህ?»

«የወንድሜ ልጅ ናት! ደሜ ናት!»

«እሱ ዝምድናህ ነው፤ ሰምቻለሁ። እኔ የጠየቅኩህ ምን አገባህ ብዬ ነው።»

አጎትየው ፍሬውን አየው። ፍሬው ጣሪያውን አየ። ጣሪያችን ያፈስ ስለነበር የሚታይ ነገር አላጣም።

መቃወሚያው ውድቅ ሆነ። ያን ዕለት ጋሼ ያሉትን እኔ ሳልጽፈውም አልረሳውም ነበር። «ሕጉ ስለ ልጅ ለሚያመለክት ሰው ብዙ በር የሠራው ልጅ ራሱ በር ማንኳኳት ስለሚከብደው ነው። አንዱ ሲዘጋበት በሌላው እንዲሰማ ነው። ያገባኛል የሚል ሰው ሲመጣ ባዕድ ነህ ብለን አንመልሰውም፤ ምን አገባህ ብለን እንጠይቀዋለን። ይህች ሴት ተጠይቃ መልሳለች።» ከዚያ ትምህርት ቤቱ ተጠየቀ፣ ቀበሌው ተጠየቀ፣ ልጅቷም ዱካ ላይ ተቀምጣ የጋሼን ጉልበት እያየች ተናገረች። ሞግዚቱ ተነሳ። ማራኪ ወደ ሊሻን ተመለሰች።

በቀላሉ እንዳይመስላችሁ። አጎትየው ሰው ያለው ሰው ነበር። «ዳኛው መንገደኛ ሁሉ በሰው ልጅ ላይ እንዲያመለክት በር ከፈቱ» ተብሎ ክስ ተጻፈባቸው፤ እላይ ድረስ ተጠርተው ሄዱ። ከሥራ ይነሳሉ ተባለ። ያን ሳምንት ቢሮው ውስጥ ሻይ እንኳን በወጉ የጠጣ የለም። ተመልሰው ሲመጡ ሁላችንም ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈን «ጋሼ፣ ምን አሉዎት? ምን ወሰኑ?» አልናቸው።

«እናንተን ምን አገባችሁ?» ብለው ቢሯቸው ገቡ።

በሩን ዘጉት። ቆይተው መልሰው ከፈቱትና «አመሰግናለሁ» አሉ። ክሱ ተዘጋ፤ ይግባኙም እላይ ሄዶ የእሳቸው ውሳኔ ጸና።

ጋሼ ዕንባቆም፣ አሁን ቀልዴን አቆማለሁ።

እኔ የመምህር ኃይለኢየሱስ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚህ ሆሳዕና ላይ ሲያስተምር ነው የኖረው፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አድጌ፣ እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ሀዲይኛ ከሰላምታ አላልፍም ነበር። ሰው መስኮቴ ላይ ቆሞ አማርኛ እስኪፈልግ ድረስ ያልበዋል፤ እኔ ደግሞ እጠብቀዋለሁ። «ሰው በገዛ አገሩ መስኮት ላይ ለምን ያልበዋል?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። በየቀኑ ግን አንድ አንድ ቃል መስኮቴ ላይ ጥለው ያልፉ ነበር። ዛሬ ሴቶቹ ሲመጡ በሀዲይኛ «ምንሽን ነው?» ስላቸው ትከሻቸው ዘና ሲል አያለሁ። ይህንን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው።

ይህ ሁሉ ቤት ያመሰግንዎታል። ፍሬው ያመሰግንዎታል፤ በልጅ ጉዳይ ከእሱ የተሻለ ጠበቃ ዛሬ በዚህ ከተማ የለም፤ ማን እንዳስተማረው እሱ ራሱ በየቦታው ይናገራል። ከዚህ ቤት ወዲያ ደግሞ እኛ የማናውቃቸው፣ ስማቸው እዚህ የማይነሳ ልጆች አሉ፤ ዛሬ ትልልቅ ሆነዋል፤ ዳኛ ሲባል ካባ ሳይሆን ጉልበት ትዝ የሚላቸው። ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ለእርስዎም ምስጋና አለን። እኛ ያዋልናቸውን እርስዎ ሲያሳድሩ፣ እኛ ያናደድናቸውን እርስዎ በአተካና ሲያስታርቁ ኖረዋል።

አሁን አንድ ምስጢር አወጣለሁ። ጋሼ፣ አይቆጡኝ።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ሊሻን ቆማለች። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ጥርሷ ግን ሁሉም ይታያል፤ ትስቃለች። አማርኛዋ ዛሬ ከእኔ ይሻላል። «ትርሲት፣ ዛሬስ ምን አገባሽ እንዳትዪኝ» አለችኝ። «ዛሬስ በእውነት የሚያገባት መጥቷል!»

ማራኪ! ሃያ አንድ ዓመቷ፤ ነርሲንግ ጨርሳ ሥራ ይዛለች። ልጁ የሆመቾ ልጅ ነው፣ ሁለቱም ተዋደዋል፣ የእሱ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኳል። ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ በልጅቷ ወገን ተቀምጦ የሚቀበል፣ «ማን ናችሁ፣ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?» የሚል አባት ያስፈልጋል። ሊሻን የመጣችው ለዚህ ነው። «ዳኛው ይቀመጡልኝ» አለች። ይዣት ገባሁ። ጋሼ ሰሙ። መነጽራቸውን ሰቀሉ። ከዚያ፣

«እኔ የፈረድኩበት ጉዳይ ነው፣ ሊሻን። ይህንን ሥራ እየሠራሁ እንደ ዘመድ ልቀመጥልሽ አልችልም። ሽማግሌዎቹ ጡረታዬን ይጠብቁ» አሉ።

ጠበቁ! የሆመቾ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ «ቀጠሮ» ተብለው ተመልሰዋል። የልጁ አባት «ሚስት ለማግባት የዳኛ ጡረታ ሲጠበቅ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም» ብሎ አጉረምርሟል አሉ። ይኸው ጡረታው ዛሬ ደረሰ። ነገ ቅዳሜ ነው። ጋሼ ዕንባቆም ነገ ጠዋት ካባ ሳይሆን ጋቢ ለብሰው በሊሻን ቤት በልጅቷ ወገን ይቀመጣሉ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን እንደሚሆን እዚህ ያለነው ሁሉ እናውቃለን። ለሽማግሌዎቹ አስቀድማችሁ ሹክ በሏቸው፤ ስድብ መስሏቸው ተነስተው እንዳይሄዱ!

ትናንት ሊሻን ደውላልኝ ነበር። «ቀዳዳውስ?» አልኳት። «ልጅቷ ልታገባ አይደል፤ አሁን እንኳን ደፈንሽው?» ሳቀች። «ያገባች ልጅስ አትናፍቅም እንዴ?» አለችኝ። የሌሞ ፍየሎች ዕድለኞች ናቸው።

እኔም ከስልኩ ስነሳ ቀጥታ ወይዘሮ ሰብሌ ቢሮ ሄድኩ። ለምን መሰላችሁ? ንብረት ክፍል ሰኞ የጓሮውን አጥር በብሎኬት ሊገነባው ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሚከፍተው ሰው ጡረታ ወጣ ብለው። ብሎኬቱ ወርዷል፣ አሸዋው ወርዷል። ወይዘሮ ሰብሌ ሰሙኝና «አንቺን ምን አገባሽ?» አሉኝ። በሽታው ለሁላችንም ተጋብቷል። የመለስኩላቸውን ግን መለስኩላቸው። ብሎኬቱ ለአዲሱ ሽንት ቤት እንዲውል ታዟል።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። ሚሪንዳም ይሁን፣ አምቦ ውኃም ይሁን፣ ፍሬው ያንተ ባዶ ከሆነ አስሞላ። ቁሙ፣ ሁላችሁም ቁሙ። እርስዎ ይቀመጡ፣ ጋሼ፤ ዛሬ ችሎቱ ለእርስዎ ነው የሚቆመው።

ጋሼ ዕንባቆም፣ ባለፈው ሳምንት «የእኔ ጡረታ አንቺን ምን አገባሽ?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ ይሄው፤ ያገባኛል። አባይነሽንም ያገባታል፣ ፍሬውንም ያገባዋል፣ ይህንን ሁሉ ቤት ያገባዋል። የት ጋ እንደሚቆረቁረን ማወቅ ከፈለጉ ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ውስጥ የሚሰማውን ጸጥታ ይጠይቁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ከወይዘሮ እልፍነሽ ጋር ምሳዎን ትኩስ ትኩሱን ያብላዎት። የማራኪን ልጆች ዱካ ላይ አስቀምጠው በጉልበትዎ ለማሳቅ ያብቃዎት። ለጋሼ ዕንባቆም!

ሲናፍቁን ደግሞ በዋናው በር አይዙሩ፤ አባይነሽ ትፈትሽዎታለች። በጓሮ በኩል ይምጡ። አልደፈንነውም።